ጉልቻ፣ ቡታጋዝ፣ ነጭ ጋዝ፦ የደጋው ማገዶ ታሪክ ለተራራ ተጓዥ

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። ሹም ተሽሮ ሹም ሲሾም፣ ስም ተቀይሮ ነገሩ እዚያው ሲሆን ይህቺን ተረት እንመዛታለን። ትክክል ናት። ጉልቻ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ለወጥ የሚጨምረው ነገር የለም። ተረቷ ዝም ያለችው ስለ ማገዶው ነው። ማገዶ ሲቀየር ብዙ ነገር ይቀየራል፦ ወጡ የሚበስልበት ሰዓት፣ እንጨቱን የሚሸከመው ጀርባ፣ ጭሱን የሚስበው ሳንባ፣ አንዳንዴም ከተማው የሚቆምበት ቦታ ራሱ።

ነገሩን ያነሳሁት በአንዲት ትንሽ ዕቃ ምክንያት ነው። ተራራ መውጣት የሚወድ ወጣት ዛሬ በዝቷል። ውጭ ያለ ዘመድ ከሚልካቸው ዕቃዎች መሐል ደግሞ ያቺ የካምፕ ምድጃ ትገኛለች፤ ርካሽ፣ ታጥፋ ኪስ የምትገባ፣ «ቤንዚንም ኬሮሲንም ናፍጣም ትቀበላለች» የተባለላት። ታዲያ ይዘናት ወደ ስሜን ተራሮች ስንወጣ ምን እንሙላባት? ጥያቄው የሁለት መስመር መልስ ያለው ይመስላል። ግን የጎንደር ደጋ ይህንኑ ጥያቄ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠይቅና ሲመልስ ኖሯል። የደጋውን መልስ የማያውቅ ሰው እሳት ሊያጣ፣ ወይም በእሳት ሊጎዳ ይችላል።

ከተማ ማለት ድንኳን ነበር

«ካምፒንግ» የፈረንጅ ነገር የሚመስለን ከሆነ ሁለት የራሳችንን ቃላት እንመልከት። «ከተማ» ከ«ከተመ» ይወጣል፤ ድሮ ቃሉ የሚጠራው ንጉሡና ሠራዊቱ ድንኳን ተክለው ያረፉበትን ቦታ ነበር። «ሰፈር»ም «ሰፈረ» ከሚለው የመጣ ነው። ዛሬ አድራሻችንን የምንናገርባቸው ሁለቱም ቃላት የተወለዱት ድንኳን ውስጥ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው የፖርቱጋል ልዑክ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየው ቤተ መንግሥት የድንጋይ ሕንፃ አልነበረም። ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ፣ እያንዳንዱ ሹም የሚተክልበት ቦታ አስቀድሞ የታወቀለት የድንኳን ከተማ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው በየቀኑ ይበላል። ለመብላት ይጋግራል፣ ለመጋገር እንጨት ይቆርጣል። በአካባቢው ያለው እህልና እንጨት ሲመናመን ከተማው ይነሳል። የኢትዮጵያን መናገሻዎች መዘዋወር ያጠኑ የታሪክ ሰዎች ከጦርነትና ከግብር ጋር የማገዶ እጥረትን እንደ አንድ ምክንያት የሚያነሱት ለዚህ ነው።

ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ይህ ሥርዓት ተለወጠ። አሁን ከተማዋ ወደ ማገዶው አትሄድም፤ ማገዶው ወደ ከተማዋ ይምጣ። በሰው ጀርባና በአህያ። ከዚያ በኋላ ደጋው ላይ ትልቅ የጽድና የወይራ ዛፍ ማየት የፈለገ ሰው የሚሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። ሌላው ቦታ ወይ ታርሷል፣ ወይ ነዷል።

አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ ያመለጠችው ለጥቂት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንጦጦና አካባቢው ተመንጥሮ እንጨት ሲጠፋ ዐፄ ምኒልክ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም፣ ለመዛወር ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ካስቀሯት ነገሮች አንዱ በዚያው ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው። ስሙም ታሪኩን ይዞ ቀረ፦ ባሕር ዛፍ። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ዛሬ በጎንደር ዙሪያ ባሉ ኮረብቶች ላይ የሚታየው አረንጓዴ ብዙው እሱ ነው።

ብዙ ነዳጅ የምትቀበለው የመጀመሪያዋ ምድጃ

ከጎንደር ወደ ሳንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ የላይ አርማጭሆዋ ትክል ድንጋይ ትገኛለች። ከእሷ ወዲያ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ከጎንደር በሌላው አቅጣጫ ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚሄደው ደግሞ ወደ ውርጩ ይወጣል። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ሦስት ዓይነት ማገዶ ማየት ይቻላል ማለት ነው። ቆላው ግራር አለው፤ ግራር ጥሩ ከሰል ይወጣዋል። መሐሉ ባሕር ዛፍ አለው። ዛፍ የሌለው ደጋ ደግሞ ከብት አለው፤ ከብት ካለ ኩበት አለ።

ሦስቱንም ያለ ምንም ማስተካከያ የሚቀበል ምድጃ አለ። ሦስት ድንጋይ ነው፦ ጉልቻ። ፍልጥ አስገቡ ይነዳል። ጭራሮ አስገቡ ይነዳል። የማሽላ አገዳ፣ ኩበት፣ ቅጠል፣ ሁሉንም ይቀበላል። ሲሰበር የሚለወጥ ዕቃ አይጠይቅም። ድክመቱም የታወቀ ነው፤ ሙቀቱ በየጎኑ ይበተናል፣ ጭሱም ቤቱን ይሞላል።

ግን የሚገርመው ጉልቻው ሳይሆን የባለሙያዋ እውቀት ነው። ደጋ ያደገች እናት ለየትኛው ሥራ የትኛው ማገዶ እንደሚሆን መጽሐፍ ሳታነብ ታውቀዋለች። እንጀራ ፈጥኖ የሚነድ፣ ምጣዱን ዳር እስከ ዳር እኩል የሚያግል ነበልባል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጭራሮና ቅጠል። ድፎ ዳቦ ቀስ ብሎ የሚበስል ነው፤ ስለዚህ እየተጨሰም ቢሆን ረጅም ሰዓት የሚቆይ ኩበት። ቡና ያለ ጭስ ይፈላ ዘንድ ከሰል። ሌሊቱን እሳት ለማሳደር ፍሙን በአመድ መቅበር። «የትኛው ነዳጅ ይሻላል?» ብትሏት መልሳ «ለምኑ?» ነው የምትላችሁ። የካምፕ ምድጃ መመሪያዎች በብዙ ገጽ የሚሉት ነገር ተጨምቆ ይህችው ጥያቄ ናት።

እያንዳንዱ ምርጫም ዋጋ አለው። ኩበት ነደደ ማለት ማሳው ፍግ አጣ ማለት ነው፤ የዛሬ እራት ከከርሞ አዝመራ ላይ ይቀነሳል። እንጨቱ በራቀ ቁጥር ደግሞ የሴቶቹና የልጃገረዶቹ መንገድ ይረዝማል። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃና «ላቀች» የተባለችው የከሰል ምድጃ በኋለኛው ዘመን የመጡት ይህን ዋጋ ለመቀነስ ነው። ምርጥ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት እስከ ግማሽ ድረስ ያድናል።

እሳት የማይፈልግ ስንቅ

መንገደኛውስ? ዘማቹ፣ ነጋዴው፣ ተሳላሚው እንዴት ይበላ ነበር? እዚህ ጋ ደጋው ያመጣው መላ ለዛሬ ተጓዥም ይሠራል፦ እሳቱን ቤት አንድዶ መውጣት።

በሶን ውሰዱ። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ መንገድ ላይ ውኃና ጨው ይበቃዋል። ቆሎም ያው ነው። ዳቦ ቆሎም። ድርቆሽ የተጋገረ እንጀራ ደርቆ ነው። ማገዶው ሁሉ እንጨትና ጉልበት ባለበት፣ እቤት፣ አስቀድሞ ነዷል፤ መንገደኛው የሚሸከመው የተቀመጠ እሳት ነው። ሽሮም የዚሁ ዘመድ ነው። አተሩ ተቆልቶና ተፈጭቶ ስለሚያድር በጥቂት ደቂቃ ይንተከተካል። ያንኑ አተር ክኩን ብንቀቅለው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ከፍታው ላይ ደግሞ ይህ ልዩነት ይብሳል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ጎንደር ላይ በ93 ገደማ፣ 3,600 ሜትር አካባቢ ባሉት ግጭና ጨነቅ ደግሞ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ማሰሮው እየተንፈቀፈቀ ባቄላው የማይበስለው ለዚህ ነው። እሳት መጨመር አይጠቅምም፤ ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ ነዳጁ ብቻ ያልቃል። ስለዚህ የነዳጅ ምርጫ የሚጀምረው ማደያ ሳይሆን ስንቅ ቤት ነው። በሶና ሽሮ የያዘ ሰው ትንሽ ጠርሙስ ይበቃዋል። ምስርና ሩዝ የያዘ ግን በቅሎ ያስፈልገዋል።

ላምባ ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ1892 ስቶክሆልም ውስጥ ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የሚባል ሰው ከኬሮሲን ጥቀርሻ የሌለው ሰማያዊ ነበልባል የሚያወጣ ምድጃ ሠራ። ዘዴው ነዳጁን በክር መሳብ ሳይሆን በፓምፕ ገፍቶ፣ በጋለ ቱቦ ወደ እንፋሎት ለውጦ ማንደድ ነበር። ስሙ ፕሪሙስ ነው። አሙንድሰን እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ ደቡብ ዋልታ ይዞት ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት የወጣው ቡድንም በዚሁ ዓይነት ምድጃ በረዶ አቀለጠ። ዛሬ በርካሽ የምትሸጠው የካምፕ ምድጃ የእሱ የልጅ ልጅ ናት። ኬሮሲን ሲሞላባት መጀመሪያ ቱቦዋን በትንሽ አልኮል ማጋል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ሳትሞቅ ከተከፈተች የሚወጣው እንፋሎት ሳይሆን ፈሳሽ ነው፣ እሱም ሲያያዝ ቢጫ ነበልባሉ ወደ ላይ ይዘላል።

ወደ እኛ ቤት በሰፊው የገባው ግን ባለ ክሩ ምድጃ ነው። ኬሮሲን መጀመሪያ በኩራዝና በፋኖስ መጣ፣ ቀጥሎ ወደ ማድ ቤት አለፈ። በአንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ተማሪ፣ ጭስ ለማይፈቀድበት ግቢ፣ ለሌሊት የሕፃን ወተት፣ በቃ ሕይወት ነበር። በዕድሜ ተለቅ ያላችሁ ሽታውን ታስታውሱታላችሁ።

ነዳጅ ሲመጣ ግን ብቻውን አልመጣም፤ ከመንገዱ ጋር ነው የመጣው። ማገዶ ከጓሮ ነበር፤ ላምባ ከባሕር ማዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ የዓለም ነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ጭማሪው ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ ያም የአብዮቱ አንዱ ክብሪት ሆነ። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አቆመ፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ደግሞ ወደቡም ቀረ፣ ጭነቱም ወደ ጂቡቲ ዞረ። አንዲት ጀሪካን ላምባ ደባርቅ እስክትደርስ ከኋላዋ ባሕር፣ ወደብ፣ ቦቴና የምንዛሪ ጉዳይ አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲሰበር ደጋው ወዴት ይመለሳል? ወደ ጉልቻው።

ስሙ ያው፣ ነገሩ ሌላ

አሁን ወደ አደገኛው ክፍል መጣን። ነዳጆቹ ወደ እኛ የመጡት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ስማቸውም የመጣው ከየአቅጣጫው ነው፤ አንዳንዱ ስም መንገድ ላይ ባለቤቱን ቀይሯል።

«ነጭ ጋዝ» የሚለውን እንይ። አሜሪካ ውስጥ «ጋዝ» ማለት ቤንዚን ነው። የአሜሪካ የካምፕ ምድጃ መመሪያ «ነጭ ጋዝ ሙሉ» ሲል ምንም ያልተጨመረበት፣ እጅግ ተቀጣጣይ የሆነ የተጣራ ቤንዚን መሰል ነዳጅ ማለቱ ነው። እኛ ጋ ግን ጋዝ ማለት ላምባ ነው፤ ነጭ ጋዝም ኬሮሲን ነው። ቃል በቃል የተተረጎመ አንድ ስም፣ ሁለት የተለያየ ፈሳሽ።

«ናፍጣ»ም እንዲሁ ነው። የእኛ ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን የመኪና ዲዝልን ይጠራል። በእንግሊዝኛ ግን «ናፍታ» የሚባለው ከላይ ያልነው ያ ተቀጣጣይ ነጭ ጋዛቸው ነው። መመሪያው ላይ «ናፍታ» አንብቦ ማደያ ሄዶ ናፍጣ የቀዳ ሰው ለምድጃዋ የሚከብዳትን ነዳጅ ይዞ ተመለሰ ማለት ነው።

«ቡታጋዝ»ስ? ቡታጋዝ የፈረንሳይ የቡቴን ጋዝ አከፋፋይ ስም ነው፤ በሲሊንደር የሚሸጠው ማለት ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ቤት ግን ቡታጋዝ ባለ ክሩ የላምባ ምድጃ ሆኖ ቀረ። የጠርሙሱም ስም ሳይቀር ዞሯል፤ «ሃይላንድ» የታሸገ ውኃ ስም ነበር፣ አሁን የማንኛውም ፕላስቲክ ጠርሙስ ስም ሆኗል። በየመንገዱ ዳር ቤንዚን የሚሸጠውም በሃይላንድ ነው። ስሙ የውኃ፣ ውስጡ እሳት።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ሳይቀር በአየር ላይ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል፤ ኬሮሲን ለዚያ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ናፍጣ ከዚያም በላይ። ባለ ክሩ ምድጃ ለኬሮሲን የተሠራ ነው፤ ቤንዚን ወይም ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ ሲገባበት ምድጃው ቦምብ ይሆናል። ስለዚህ ተጓዥ ነዳጅ ሲገዛ በስሙ ሳይሆን በሥራው ይጠይቅ፦ «ሞተር ሳይክል የሚጠጣው ነው? አይሱዙ የሚጠጣው ነው? ወይስ ፋኖስ የሚበራበት?» እንዲህ ሲጠየቅ ሻጩም ገዥውም አይሳሳቱም። ሃይላንዱም ላይ በትልቁ ይጻፍበት፤ ውኃ ጥም ጨለማ ውስጥ አያይም።

ተራራው ላይ

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 ዋልያው በመመናመኑና ሰፈራውና እርሻው በመስፋፋቱ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ ዓመት በፊት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ለትውልድ ከኖሩበት ተነስተው ወደ ደባርቅ ሰፍረዋል። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እዚያ ተራራ ላይ ላለው አስታና ጓሳ ሲባል ሰዎች ቤታቸውን ለቀዋል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢት የተነሳው ቃጠሎም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ሰውን ሁሉ አስጨንቋል። ታዲያ ለሁለት ሌሊት የመጣ ጎብኚ አስታ ሰብሮ ሻይ ቢያፈላ ምን ይባላል?

ስለዚህ ፓርኩ ውስጥ ጉልቻው አይሠራም፤ ነዳጅ ይዞ መውጣት ግድ ነው። አሁን ምርጫውን በአጭሩ እንየው። የታሸገ የጋዝ ቆርቆሮ ንጹሕና ቀላል ነው፣ ግን አውሮፕላን አይጭነውም፤ እዚህ ሲያልቅ የሚተካው ለማግኘት ይከብዳል። ቤንዚን ማደያ ሲኖረው ይገኛል፣ ብርዱ ውስጥም ቶሎ ይያያዛል፤ ግን ትነቱ አደገኛ ነው፣ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይነካም። ኬሮሲን በአንጻሩ ረጋ ያለ ነው፣ ብዙ ሙቀትም ይሰጣል፤ ማጋያ አልኮልና ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ናፍጣ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ይጨሳል፣ መካኒኮች ጂግለር የሚሉትን ቀጭን ቀዳዳ በጥቀርሻ ይደፍናል። በርካሽ ምድጃ ላይ ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም፤ መጥረጊያ ሽቦዋን የረሳ ሰው ማታውን በሶ ይበላል። ደግነቱ በሶ ካለው።

የትኛውም ይሁን፣ እሳት የሚነደው ከድንኳን ውጭ ነው። በተዘጋ ቦታ ሽታ የሌለው የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል በየክረምቱ እንሰማለን። ምድጃም ያንኑ መርዝ ያወጣል።

መንገድ ሲዘጋ

ያለፉት ዓመታት ጦርነትና የመንገድ መዘጋት ለጎንደር ሰው ይህን ታሪክ እንደገና አስተምሮታል። ማደያ ሲደርቅ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ቦቴ ሳይመጣ ሲቀር፣ ኤሌክትሪክ ምድጃ የለመደው ቤት ከሰል ይፈልጋል፤ ከሰል ሲወደድ ጭራሮ፣ ጭራሮ ሲጠፋ ኩበት። የነዳጅ ዋጋ ማስታወቂያ ላይ ኬሮሲንና ነጭ ናፍጣ እኩል ዋጋ ይዘው መውጣታቸውም ላምባን የድሃ ነዳጅ ከመሆን አውጥቶታል። ቡታጋዟ ብዙ ቤት ውስጥ አልጋ ሥር ገብታ አቧራ ትጠጣለች።

«ብዙ ነዳጅ የሚቀበል» የሚለው የካምፕ ምድጃ ማስታወቂያ ለፈረንጅ አዲስ ምቾት ነው። ለደጋው ግን የኑሮ ሕግ ነው። አንድ ነዳጅ ብቻ የሚያውቅ ቤት መንገዱ በተዘጋ ቀን ያልበሰለ ያድራል። ትልቁ ጥያቄ «የቱ ይሻላል?» አልነበረም፤ «የቱ ነው የሚገኘው? ነገስ ይገኛል? ማን ነው የሚሸከመው? ከየትኛው ማሳ፣ ከየትኛው ዛፍ ተቀንሶ?» የሚል ነበር።

እንግዲህ ወደ ስሜን የምትወጡ፣ ኬሮሲኑን ከከተማ ያዙ፣ ስሙን ሳይሆን ሥራውን ጠይቃችሁ ግዙ፣ ጠርሙሱ ላይ ጻፉበት። ቦርሳው ሥር ደግሞ አንድ ኪሎ በሶ አይጥፋ። እሱ ጂግለር የለውም።